ከግድግዳው ወዲያ የሚራመደው

እግር ትሠራለች። እንዲህ ሲባል የማያውቃት ሰው ሐሳቡ ወደ ጥፍር ቀለምና ለብ ወዳለ ውሃ ይሄዳል፤ የእሷ ሥራ ግን ሌላ ነው። የእሷ እግር የሚሠራው ከጀሶ ልኬት፣ ከፕላስቲክና ከብረት ነው፤ ባለቤቱ ማታ አውልቆ ግድግዳ ያስደግፈዋል፣ ጠዋት አጥልቆት ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። በዚያ ወርክሾፕ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ስንት ሰው አቆምሽ ብለው ሲጠይቋት «የቆመ ሰው ይሄዳል፤ የሄደን ሰው ማን ተከትሎ ይቆጥራል?» ትላለች። ወሬ አትወድም፣ ሙገሳ ደግሞ ያሳክካታል።

የሥራ ጓደኞቿ ኮቴ ይሏታል። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ጀሶ እያሸች «ጉልበትህ ዛሬም አልተሻለህም?» ትልና የገባውን ሰው ክው ታደርገዋለች። አዲስ ጫማ የተጫማውን፣ ሲጠጣ ያደረውን፣ ከሚስቱ ተኳርፎ የወጣውን ከእግሩ ድምፅ ትለየዋለች። ባል አግብታ ነበር፤ አልቆየም። «ከመሄዱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ኮቴው ወደ በሩ ማድላት ጀምሮ ነበር፤ እኔ ነኝ ጆሮ ዳባ ልበስ ያልኩት» ትላለች።

ይህን ጆሮ ያገኘችው በልጅነቷ ነው። አባቷ ፖስተኛ ነበሩ። እናቷ ቀድመው ስላረፉ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነው፤ በሩን ከውስጥ ትዘጋና የእንጨቱን ደረጃ ታዳምጣለች። የጎረቤት እግር ይወጣል፣ ይወርዳል፤ እሷ አትከፍትም። የአባቷ ኮቴ ግን ግራው ከበድ ይላል፤ የደብዳቤ ቦርሳቸውን የሚያነግቱት በግራ ትከሻቸው ስለሆነ። ቦርሳው በሌለበት በእረፍት ቀን እንኳን ግራው እንደከበደ ነው። መወርወሪያውን የምትስበው ያንን ስትሰማ ብቻ ነው። ልጅነትሽ ምን ይመስል ነበር ብትባል ከዚህ ሌላ የምትናገረው ብዙም የላትም።

ፖስተኛው ጡረታ በወጡ በስድስተኛው ዓመት ስኳር ቀኝ እግራቸውን ከጉልበት በታች ወሰደው። አርባ ዓመት ከተማውን በእግራቸው ያካለሉ ሰው መስኮት ሥር ወንበር ላይ ቀሩ። ኮቴ አልደነገጠችም፤ ሙያዋ ነዋ! ለአባት እንደሚገባ አድርጋ እግር ሠራችላቸው። «ይቆረቁረኛል» አሉ። ሁለተኛ ሠራች፤ «ይከብደኛል» አሉ። ሦስተኛውን ምንም አላሉትም፤ አልጋ ሥር ገባ። አራተኛውን ስታመጣ «እጅሽ ይባረክ፣ እንዴት ያምራል!» አሉና አጥልቀውት ቁጭ አሉ፤ ሲመሽ አወለቁት። ሰፈሩ ምን እንደሚል ታውቃለች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይላል።

አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ አባቷ ቆመዋል። የወርክሾፑ ዘበኛ ያዋሳቸውን ከዘራ በቀኝ እጃቸው፣ በተቆረጠው እግር በኩል ጨብጠውታል፤ ያልተማረ ሰው ሁሉ እንደሚይዘው። ይንቀጠቀጣሉ፣ ግን ፈገግ ብለዋል። ሌላ ልጅ ብትሆን እልል ትል ነበር። እሷ ግን አጉል ሙያ ያዛት። ከዘራ የለመደ ሰው ከዘራውን አይጥልም፣ እግሩ ይሰንፋል፣ ወገቡ ይጣመማል፤ ይህን ለስንቱ ሰብካለች!

«እኔ በከዘራ የሚሄድ አባት የለኝም!» አለችና ከዘራውን ከእጃቸው ወስዳ የወርክሾፑ ዕቃ ቤት ውስጥ አኖረችው።

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ልትመልሰው ፈለገች። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አባቷ ቁጭ አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ለመነሳት አልሞከሩም። ሐኪሙ መጥቶ አይቶ በረንዳ ላይ ለብቻዋ ነገራት፦ «በሦስት ወር ውስጥ ካልቆሙ ጉልበታቸው እንደታጠፈ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ አንቺም እኔም የምናደርገው የለም።» አንዱ ወር እንደዋዛ ሄደ። የእግር ዱካው የጎማ ቅርጽ የመጣው በሁለተኛው ወር መጀመሪያ ላይ ነው።

ያመጣችው የሙዚየሙ አጥኚ ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ዓይነት ሴት። ስድስት ጥቅል ጎማ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከመኪናዋ ወረደ። ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው የእግር ዱካ ነው አለች። እሳተ ገሞራ አመድ ነሰነሰ፣ ዝናብ ካፊያ አረፈበት፣ እርጥብ አመዱ ላይ ሁለት ፍጡራን ተራመዱ፣ አመዱ ደርቆ ድንጋይ ሆነ። ዋናው ድንጋይ እንዳይሸረሸር በአሸዋ ተመልሶ ተቀብሯል። የቀረው መምህሯ ከብዙ ዓመት በፊት ዱካው ላይ አፍስሰው ያነሱት ይህ የጎማ ቅርጽ ነው። አሁን ለሙዚየሙ አዲስ የጀሶ ቅጂ ያስፈልጋል።

«የእናንተ ጀሶ ሠራተኛስ?» አለች ኮቴ።

«ሥራውን ለቋል። አሁን በር ላይ ትኬት ይቆርጣል፤ ራሱ ነው የለመነን።»

ጥቅሎቹ ግቢው ውስጥ ተዘረጉ። ተገልብጦ የተቀረጸ ማንበብ የኮቴ የዕለት ሥራ ስለሆነ ተንበርክካ ጣቶቿን አስኬደችበት።

«ጭንቅላታቸው ገና የዝንጀሮ ያህል ነበር፤ እግራቸው ግን የእኛ ነው» አለች አጥኚዋ። «ሰውን ሰው ያደረገው አእምሮው ይመስለናል። ቀድሞ የቆመው ግን እግሩ ነው። አውራ ጣቱን ይዩት፤ ወደ ጎን አልተገነጠለም፣ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፏል። ተረከዝ ቀድሞ ያርፋል፣ ክብደቱ በውጭው ጠርዝ ያልፋል፣ አውራ ጣት ይገፋል።»

«የማስተምረውን ነው የሚነግሩኝ።»

«መቆም መዘዙም ብዙ ነው። የወገብ ሕመሙ፣ የጉልበቱ፣ የምጡ ጭንቅ…»

«እሱን ለእኔ ይተዉት፤ ደንበኞቼ ናቸው» አለች ኮቴ፤ ጣቷ ግን ቆመ። «ይሄኛው ቀኝ እግሩን ያመዋል። ተረከዙን አያሳርፍም፣ ይጎትተዋል። አጠገቡ ያለችው ደግሞ በቀኙ በኩል ነች፤ ይዩት፣ ወደ እሱ ባለው ጎን ነው ጠልቃ የገባችው። ደግፋዋለች።»

«ሴት መሆኗን በምን አወቁ?»

ኮቴ እስከ ስድስተኛው ጥቅል በጉልበቷ ሄደች። እዚያ ላይ የአንካሳው ዱካ ድንገት ተቋረጠ። የጓደኛው ዱካ ግን አራት እርምጃ ይቀጥላል፣ ከቀድሞው ሁለት እጥፍ ጠልቆ፣ ከዚያ ድንጋዩ ተሰብሮ ያልቃል።

«አንደኛው ወደ ጎን ወጥቶ ይሆናል እንላለን» አለች አጥኚዋ።

«ወደ ጎን የወጣ ሰው ዱካ ይተዋል» አለች ኮቴ። «ይሄ አልወጣም። ተሸክማዋለች።»

ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ኮቴ ግን ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ሲቆም ታወቃት።

ስድስት ሜትር ዱካ የሚዘረጋበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የመራመጃው ክፍል። ረጅምና ጠባብ ነው። በቀኝ በኩል በሽተኞች የሚይዟቸው ሁለት የመደገፊያ ብረቶች አሉ፣ መጨረሻው ላይ ሰው ራሱን እያየ እንዲስተካከል ትልቅ መስታወት ቆሟል። በግራ በኩል ያለው ግድግዳ የኮቴና የአባቷ ቤት ግድግዳም ነው፤ የሚኖሩት ከወርክሾፑ ተለጥፋ በተሠራች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። በሽተኞች ጀሶው እስኪደርቅ ግቢ እንዲለማመዱ ተደረገ። ኮቴ ጎማዎቹን በግራው ግድግዳ ሥር ደርድራ ጀሶውን አፈሰሰች፤ በሁለተኛው ቀን ጎማውን ገልብጣ አነሳችው።

ነጩ ዱካ ወጣ። ከበሩ ተነስቶ ወደ መስታወቱ ይሄዳል፣ መስታወቱ ሥር ተሰብሮ ያልቃል። በመስታወቱ ውስጥ ግን አያልቅም፤ እዚያ ውስጥ ዱካው ወደ እሷ ይመጣል። ኮቴ መስታወቱን በአንሶላ ልትሸፍነው አሰበችና በራሷ አፈረች።

አንድ ነገር ብቻ ሥራዋን አበላሸባት። ከአንካሳው በስተግራ በየእርምጃው ክብ ክብ ጉድጓዶች አሉ፤ አውራ ጣት የምታህል አንዳንድ ጉድጓድ። የአየር አረፋ ነው። ጀሶ ሲፈስ አየር ታፍኖ እንዲህ ይቀራል፤ ጀሶ የሚያውቅ ሰው ሳያስብ እጁ ይሄድና ይሞላዋል። ኮቴም ቀጭን ጀሶ በጥብጣ፣ ጉድጓዶቹን በውሃ አርሳ፣ በጣቷ እየደፈነች በቢላ ጀርባ አስተካከለቻቸው። ክፍሉን ቆልፋ ወጣች።

በማግስቱ ገና ፀሐይ ስትወጣ ለአባቷ የሚታጠቡበትን ውሃ እያሞቀች ሰማችው።

ጥ። ሽርር። ዱብ።

ከግድግዳው ወዲያ ነው። ጥ። ሽርር። ዱብ። ማሰሮውን አስቀመጠችና ጆሮዋን ለጠፈች። ዝግ ብሎ ይሄዳል፣ ከበሩ ወደ መስታወቱ። መስታወቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ይጠፋል። አይመለስም። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ከበሩ ይጀምራል። በዚህ ዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሄዶ ይመለሳል፤ ይሄኛው ግን ይሄዳል ብቻ።

ጎረቤቱን፣ ዘበኛውን፣ ሁሉንም በሽተኞች በልቧ አሰበች። ይህን ኮቴ አታውቀውም። በሃያ ስድስት ዓመት ያላወቀችው ኮቴ የመጀመሪያው ነው። ቁልፉን ይዛ ስትከፍተው ክፍሉ ባዶ ነው። አየሩ የእርጥብ ጀሶ ሽታ ይሸታል። ትናንት የደፈነቻቸው ጉድጓዶች ግን አፋቸውን ከፍተዋል። የሞላችባቸው ጀሶ እንደ ኮት ቁልፍ ክብ ክብ ሆኖ ወጥቶ፣ እያንዳንዱ ከጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጧል።

ጀሶ ይኮማተራል አለች ለራሷ። ሲደርቅ ይለቃል። መልቀቁንስ ይልቀቅ፤ ወጥቶ ጎን ለጎን መቀመጡን ማን አስተማረው? ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ለራሷ አላቀረበችም።

ቤት ስትመለስ አባቷ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቋታል።

«ሰሞኑን ሥራ በዝቶብሻል እንዴ?» አሉ።

«ኧረ ምንም የለ» አለች። ሊፈሩ ይችላሉ ብላ ነው። እሳቸውም ሌላ አልጠየቁም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

እንደገና ደፈነች፣ በዚህኛው ጊዜ ሙጫ ጨምራ። በማግስቱ ማለዳ ጥ፣ ሽርር፣ ዱብ። ክብ ክቦቹ ጀሶዎች ወጥተው ተቀምጠዋል። ዘበኛውን አፋጠጠችው።

«ያንተን መክፈቻ ማን ይወስዳል?»

«ኧረ እትዬ፣ ከወገቤ ተለይቶ አያውቅም» አለ፤ ግን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ኮፍያውን እያሻሸ። አንድ የደበቀው ነገር እንዳለ ገባት።

«ማለዳ እዚያ ክፍል ሰው ይገባል።»

ዘበኛው ቀና አለ። አሁን ፊቱ ሌላ ሆነ። «ማለዳ? ማለዳማ ማንም የለም። እኔ የምገባው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮቴው ማለዳ ማለዳ ሲሰማ ከረመ፤ ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ ደፈነች፤ ግትር ናት ብያለሁ፤ ካላልኩም አሁን ልበል። ለሦስተኛ ጊዜ ወጣ። ያኔ ነው ኮቴ ቢላዋን አስቀምጣ ጎማዎቹን ከዕቃ ቤት አውጥታ የገለበጠቻቸው። ጎማው እንደ ፈንጣጣ ፊት በጉብታ የተሞላ ስለሆነ መጀመሪያ ልብ አላለችውም ነበር። ልክ ጉድጓዱ ባለበት ቦታ ላይ፣ በየእርምጃው፣ አናቱ የለሰለሰ የጎማ ጉብታ ወጥቷል። አየር ጎማ ላይ ጉብታ አይሠራም። ይህ ጉድጓድ ከጀሶው አልመጣም፤ ከድንጋዩ ነው የመጣው። አመዱ እርጥብ ሳለ የሆነ ነገር እዚያ ላይ ተተክሏል።

ተረከዟ ላይ ቁጢጥ ብላ ዱካውን ደግማ አየችው። ቀኝ እግሩን ያመዋል። ጉድጓዶቹ በግራው ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ዱላ የሚይዝ ሰው በታመመው በኩል ይይዛል፤ በደህነኛው በኩል መያዝ እንዳለበት እሷ ራሷ ስንቱን ጨቅጭቃ ነው ያስተማረችው። ዝናብ ይህን አያውቅም። የዛፍ ሥር ይህን አያውቅም።

ከዘራ ይዞ ነበር። እሷም ሦስት ጊዜ ከእጁ ቀማችው።

ሐሙስ ነበር። ማክሰኞና ሐሙስ ከረፋድ ጀምሮ ሆስፒታል ሄዳ የአዳዲስ በሽተኞች ልኬት ትወስዳለች። ያን ቀን ግን እግሯ ወደ ሙዚየሙ ወሰዳት። አጥኚዋ ሰምታ አልሳቀችም፤ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። ወደ ድሮው ቅጂ ሄዱ። መስታወት ሳጥን ውስጥ ያለው የድሮ ቅጂ ከአንካሳው በስተግራ ልሙጥ ነው። አጥኚዋ ሳጥኑን ከፍታ በጥፍሯ ቀለሙን ጫር ጫር ስታደርገው ከሥሩ ሌላ ቀለም ያለው ክብ ጀሶ ብቅ አለ። ከዚያ ሌላ። የድሮው ሠራተኛም እጁ ንጹሕ ነበር፤ እሱም አረፋ መስሎት ደፍኖታል።

«የዛፍ ሥር ሊሆን ይችላል» አለች አጥኚዋ ቀስ ብላ። «እንጨት ተጠቅመው ነበር ብዬ ብጽፍ ማስረጃ አምጪ ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። ‹ምንነቱ ያልታወቀ ጉድጓድ› ብዬ ነው የምጽፈው።»

«ይጻፉት። ብቻ እንዳይደፈን።» ኮቴ ልትወጣ ስትል ዞረች። «ሠራተኛው ለምን ነበር ወደ በር የተዛወረው?»

አጥኚዋ ሳጥኑን ዘጋች። «ከኋላዬ ይራመዳሉ ይል ነበር። ብዙ ጀሶ ሸትቶታል አልን።»

ወደ ሆስፒታል መሄድ አልቻለችም። በጠራራ ፀሐይ በእግሯ ተመለሰች። ወርክሾፑ ምሳ ላይ ስለነበር ግቢው ጭር ብሏል፤ ዘበኛውም በሩ ላይ የለም። ወደ ኮሪደሩ እንደገባች ቆመች።

ጥ። ሽርር። ዱብ።

ያው ነው። በቀን። በመራመጃው ክፍል፣ በሩ ገርበብ ብሎ። ግድግዳ ያዘች። የሰውን ልጅ ሁሉ ቁም ስትል የኖረች ሴት መቆም አቃታት። ጥ፣ ሽርር፣ ዱብ። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች።

ግራው ከበድ ይላል።

ትልቅ ሴት መሆኗን ረስታ፣ ደረጃ እንደምታዳምጠው ልጅ በሩን ከፈተች።

አባቷ በሁለቱ ብረቶች መሃል ቆመዋል፤ ብረቶቹን ግን አልያዙም። አራተኛውን እግር አጥልቀዋል። ዕቃ ቤት አኑራው የነበረው ከዘራ በግራ እጃቸው ነው። ዘበኛው ተሽከርካሪ ወንበሩን ይዞ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ሲያያት መሬት ተከፍታ ብትውጠው የወደደ መሰለ።

«እትዬ፣ እሳቸው ናቸው ያሉኝ! ማክሰኞና ሐሙስ አንቺ ስትወጪ ብቻ…»

«ተወው እሱን፣ እኔ ነኝ ያስገደድኩት» አሉ አባቷ፤ በመስታወቱ ውስጥ አይተዋታል። «ትቆጫለሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። በእግሬ መጥቼ በር ላስከፍትሽ ነበር ሐሳቤ።»

ኮቴ ልታለቅስ ነበር፤ ዓይኗ ግን ከእጃቸው ላይ አልተነሳም።

«አባባ፣ ከዘራውን በግራ መያዝ ማን አስተማረዎት?»

«ማንም። ሰምቼ ነው።»

«ምን ሰምተው?»

«ያ ማለዳ ማለዳ የሚለማመደው በሽተኛሽን ነዋ!» አሉ። «አልጋዬ ውስጥ ሆኜ እሰማዋለሁ። መጀመሪያ ቀናሁበት፣ እውነቱን ልንገርሽ። ይሄ ሰውዬ በከዘራ ይሄዳል፣ ልጄ ትፈቅድለታለች፣ እኔን ከለከለችኝ አልኩ። ኋላ ግን አዳመጥኩት። ዱላው ወደ እኛ ግድግዳ ይቀርባል፣ ጎታታው እግር ራቅ ይላል። በማዶ በኩል ይይዛል ማለት ነው። ሞከርኩት፣ ልክ ሆነ። መጀመሪያ ዱላው፣ ቀጥሎ የታመመው፣ ከዚያ ደህነኛው። እሱ ባይኖር አልነሳም ነበር። ማን ነው ለመሆኑ?»

ኮቴ ዘበኛውን አየች። ዘበኛው እሷን አየ።

«ጀሶዎቹን ከጉድጓዱ የነቀሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ?» አባቷ ሳቁ። «ማጎንበስ ብችል የጫማዬን ክር አንቺ ታስሪልኝ ነበር?»

ወለሉን ያየችው ያኔ ነው። የከዘራው ጎማ በሲሚንቶው ላይ ጥቁር ነጥብ እየተወ ሄዷል። እያንዳንዱ ጥቁር ነጥብ በነጩ ዱካ ላይ ካለ አንድ ጉድጓድ ጋር ትይዩ ነው፤ ስንዝር ሳይቀድም፣ ስንዝር ሳይዘገይ፣ ከበሩ ጀምሮ። አባቷ ረጅም ሰው ናቸው፤ ያ ፍጡር ግን በቁመቱ ከአሥር ዓመት ልጅ አይበልጥም ነበር። እርምጃቸው እኩል ሊሆን አይችልም። ግን እኩል ነው።

አባቷ የቆሙት የአንካሳው ዱካ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። አንድ እርምጃ ሊጨምሩ ከዘራውን አነሱ፣ ደህነኛው ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ። ኮቴ ሮጣ በብረቶቹ ሥር ሾልካ በቀኛቸው ገባች፤ ክንዳቸውን አንገቷ ላይ አዞረች። ክብደታቸው ሁሉ መጣባት። እግሯ መሬት ውስጥ የሚሰምጥ መሰላት።

«ያን ቀን ያልኩትን ይርሱልኝ» አለች።

«የቱን?»

«ስለ ከዘራው። በከዘራ የሚሄድ አባት የለኝም ያልኩትን። ውሸቴን ነው። ተኝተው ቢቀሩም አባቴ ነዎት። በአራት እግር ቢሄዱም አባቴ ነዎት።»

«እሱ ደብዳቤ አድራሻው የተሳሳተ ነበር» አሉ ፖስተኛው። «አልተቀበልኩትም፤ ለላኪው ተመላሽ አድርጌዋለሁ። ይልቅ አጥብቀሽ ያዢኝ፣ እንዳልወድቅ።»

እስከ መስታወቱ አራት እርምጃ ሄዱ። ኮቴ ቀና ብላ መስታወቱን አላየችም።

ሐኪሙ በሦስተኛው ወር መጨረሻ መጥቶ ጉልበታቸውን አጥፎ ዘረጋና «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል!» አለ፤ በዚያ ወርክሾፕ ውስጥ ይህ ተረት በቀን አሥር ጊዜ ስለሚባል ማንም አልሳቀለትም። ቅጂው ጉድጓዶቹ ሳይደፈኑ ወደ ሙዚየሙ ሄደ። ግድግዳው ዝም አለ። ኮቴ በሽተኛ ሁሉ ከዘራ ያዝ የምትል ሴት አልሆነችም፣ አሁንም ትጨቃጨቃለች፤ ከሰው እጅ ግን ነጥቃ አታውቅም። ማለዳ ማለዳ አባቷን እየደገፈች ወደ መራመጃው ክፍል ይዛቸው ትገባለች፤ እሳቸው በከዘራው፣ እሷ በቀኛቸው።

አንድ ቀን ማለዳ ውሃው ሳይፈላ ዘገየባት። አባቷ መጠበቅ ሰልችቷቸው ከዘራቸውን ይዘው ቀስ ብለው ወጡ። ማሰሮው አጠገብ ቆማ በግድግዳው በኩል አዳመጠቻቸው፣ እየሳቀች። ጥ። ሽርር። ዱብ፣ ግራው ከበድ ያለ። ሌላ ሦስት እርምጃ። ከዚያ ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ።

ሌላ እግር አለ። ከአባቷ በስተቀኝ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ ከእሳቸው ጋር እኩል የሚነሳና እኩል የሚያርፍ ባዶ እግር። ቀስ ያለ ነው። አንድ ሰው የተደገፈበት ሰው እንደሚራመደው፣ ከበድ ያለ ነው።

እሳቱን ሳታጠፋ ሮጠች። በሩን ስትከፍት አባቷ መስታወቱ ጋ ሊደርሱ አራት እርምጃ ቀርቷቸው ለብቻቸው ቆመዋል። ቀኝ ክንዳቸው ትንሽ ከጎናቸው ተነስቶ አየር ላይ ነው። አልዞሩም።

«ምነው ለቀቅሽኝ?» አሉ። «እስካሁን ይዘሽኝ አልነበር?»

ኮቴ ከተንጠለጠለው ክንዳቸው ሥር ባዶውን ቦታ አየች።

«ነበርኩ፣ አባባ» አለች። «አሁንም አለሁ።»

ሄዳ በቀኛቸው ገባች። እጅጌያቸው ሞቆ ነበር።